ስድስት የባትሪ ድንጋይ

ቡሬ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ እህል ነጋዴዎች ጆንያ ከሚደረድሩበት በረንዳ አጠገብ፣ የጋሽ ሙሄዲን የራዲዮና የቴፕ መጠገኛ ቤት አለ። ጠባብ ቤት ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ አበባማ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ አንድ የሥራ ጠረጴዛ። ጋሽ ሙሄዲን ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ይቀበላሉ። የመጣውን ራዲዮ ጆሯቸው ሥር ይዘው ነቅነቅ ነቅነቅ ያደርጉታል፣ "እህ" ይላሉ፣ ከዚያ "ገበያ ውለህ ስትመለስ ውሰደው" ይላሉ። ገበሬው መንገዱን ሲይዝ ራዲዮው በመጋረጃው ሥር ወደ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ተቀብላ የምትሠራው ልጃቸው ሁስና ናት።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁስና የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። መጀመሪያ እሳቸው ሲበይዱ እሷ መብራት ትይዝላቸው ነበር። ቀጥሎ እሳቸው ሲናገሩ እሷ ትበይድ ጀመር። በመጨረሻ መናገሩም ቀረ። ሴት የጠገነችውን ራዲዮ ማንም አምኖ አይወስድም ብለው አባትና ልጅ አንድም ቀን አልተመካከሩም፤ ሁለቱም ያውቁት ስለነበር ምክር አላስፈለገውም።

"ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!" ይላሉ ሰዎቹ።

"አሚን፤" ይላሉ ጋሽ ሙሄዲን።

ሁስና ከውስጥ ትሰማለች። አንዳንድ ቀን ያስቃታል። አንዳንድ ቀን ግን ምርቃቱን የሰማች ጊዜ የያዘችውን የብየዳ ካውያ አስቀምጣ ጥቂት ሳትሠራ ትቀመጣለች።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አንድ ረጅም ከሲታ ጎልማሳ ጊታር በጀርባው አዝሎ መጣ። ይታገሱ ይባላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ይሠሩልኝ እንደሁ ብዬ ነው የመጣሁ፤" አለ። "ጓደኛዬ በጥር ይሞሸራል። የአባቱ ቤት ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ወንዝ ተሻግሮ ነው። መብራት የለ፣ መኪና አይገባ፣ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ማን ይሸከማል? ይቺ ጊታር ደግሞ የኤሌክትሪክ ናት፤ ያለ ማጉያ ድምፅዋ ከዝንብ አይበልጥም። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ በእጅ የምትንጠለጠል ትንሽ አምፕሊፋየር ቢሠሩልኝስ?"

ጋሽ ሙሄዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ እኔ የተበላሸ አድናለሁ እንጂ ያልነበረ አልፈጥርም። ደግሞ ሰርግ ነው። ሰርግ ላይ ቢበላሽ ወሬው ከሙሽሮቹ ዕድሜ ይረዝማል። ይቅርብህ።"

"ይሆናል፤" አለ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ድምፅ።

መጋረጃው ተገለጠና ሁስና ወጣች። የጣቶቿ ጫፍ በካውያ ተለብልቦ ጠንክሯል፤ ከሻሿ ዳር አንዲት የሽቦ ቁራጭ ተንጠልጥላለች።

"ይሆናል ነው ያልኩ፤" አለች ደግማ። "ሦስት የሞቱ ቴፖች አሉኝ። የአንዱ ድምፅ የሚያጎላው አይሲ ደህና ነው፣ የአንዱ ስፒከር ደህና ነው፣ የአንዱ ቀፎ ጠንካራ ነው። በስድስት ትልልቅ ድንጋይ ትሠራለች። ሳምንት ስጠኝ።"

"ሁስና!" አሉ አባቷ።

"አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን ይሆናል።"

መምህሩ አንዴ አባትየውን አንዴ ልጂቱን አየ። "እርስዎ ነዎት የሚሠሩት?"

"እኔ ነኝ።"

"እስከ ዛሬ የተሠራውስ?"

ሁስና ወደ አባቷ አየች። ጋሽ ሙሄዲን ባንኮኒው ላይ ያልነበረ አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። ይታገሱ ብዙ ተማሪ የጠየቀ ሰው ነውና ዝምታን ማንበብ ያውቃል፤ ጥያቄውን አልደገመም።

"አንድ ነገር ብቻ፤" አለች ሁስና። "ሰርጉ ላይ ማን ሠራው ያሉህ እንደሁ፣ የሙሄዲን ልጅ ሁስና ናት በል። ሌላ ስም የጠራህ ቀን መልሼ እፈታታዋለሁ።"

በዚያ ሳምንት የቡሬ መብራት እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል። ሲጠፋ ሁስና የአባቷን የድሮ የመዳብ ካውያ ከሰል ውስጥ ትቀብራለች፤ ጫፉ ሲግል በጨርቅ ይዛ ሁለት ሦስት ቦታ ትበይዳለች፣ ሲቀዘቅዝ መልሳ ትቀብረዋለች። ሥራው ራዲዮ ከመጠገን ይለያል። ራዲዮ ላይ ሌላ ሰው የቀየሰው መንገድ አለ፤ የተቋረጠውን ፈልጎ መቀጠል ነው። እዚህ ግን ከጊታሯ የሚመጣው ቀጭን ድምፅ በየት ገብቶ፣ የት ጎልብቶ፣ በየት እንደሚወጣ መንገዱን የምትቀይሰው ራሷ ናት። ሁለት ጊዜ ነቅላ ሠራችው። አንዴ አይሲው እንደ ምጣድ ጋለ፤ ከወደቀ የቴፕ ሽፋን የብረት ቁራጭ ቆርጣ ጀርባው ላይ በብሎን አሰረችለት፣ በረደ።

ይታገሱ ሊሞክራት ሲመጣ ጊታሩን ሰካ። ክሮቹን ገና ሳይነካ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጮክ ብሎ የበቆሎ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

ጋሽ ሙሄዲን ሊቆጡ ተነሥተው በሳቅ ፈረሱ። "መምህር! ጊታርህ ዜና አንባቢ ሆና ተቀጠረች!"

"ሽቦው አንቴና ሆኖ ነው፤" አለች ሁስና ፊቷ ቀልቶ። ሽቦውን አውጥታ በማይክሮፎን ሽቦ፣ ባለ ልባሱ፣ ለወጠችው፤ መግቢያው ላይም የራዲዮውን ሞገድ የምታስቀር አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር ጨመረች። በማግስቱ ዋጋ አውሪው ሰውዬ ጠፍቶ ጊታሯ ብቻ ቀረች። ይታገሱ በትዝታ ቅኝት ጥቂት ሲመታ እህል የሚያራግፉት ጆንያ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ በረንዳው ላይ ቆመው አዳመጡ። ጋሽ ሙሄዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና "ጥርት ያለ ነው" አሉ፣ ለማንም ያልተናገሩ መስለው።

የሙሽራው አባት ዳኘው፣ ደልዳላ፣ እጀ ሰፊ ገበሬ ናቸው። መምህሩ ድንጋይ ገዝቼ ልምጣ ቢላቸው ተቆጡ። "በልጄ ሰርግ እንግዳ ስንቁን ይዞ ይመጣል ማለት ነው? ድንጋዩ በእኔ!"

የሰርጉ ዕለት ሁስና አምፕሊፋየሯን በነጠላ ጠቅልላ ከይታገሱ ጋር ወንዙን በእግር ተሻገረች። ጋሽ ዳኘው በሰፌድ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ ይዘው ተቀበሏት። ድንጋዮቹ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃሉ።

"ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ አስጠጥቻቸዋለሁ!" አሉ በኩራት። "ከራዲዮም ከእጅ ባትሪም ሰብስቤ፣ ከበርበሬው ጋር አስጥቼ! አሁን እንደ አዲስ ናቸው።"

በዚያ አገር የደከመ ድንጋይ የሚጥል ሰው የለም። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ያገግማል፣ ራዲዮው ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይናገራል። ሁስናም በቤቷ ስታደርገው ኖራለች። ለጥንቃቄ ግን ቴስተሯን አውጥታ እያንዳንዱን ለካች። የቴስተሩ ቀስት ሽቅብ ወጣ፣ ጥሩ ቦታ ቆመ። ስድስቱም ላይ።

"ደህና ናቸው፤" አለች።

ዳሱ ሞልቷል። ሁስና ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው በተሰናዳው ማዕድ ዳር ተቀመጠች። ይታገሱ ተነሥቶ፣ "ይቺን ማጉያ የሠራችልን የቡሬዋ የጋሽ ሙሄዲን ልጅ፣ እት ሁስና ናት!" አለ። አንገቶች ዞሩ። ሁስና ዓይኗን ሳትሰብር አየቻቸው፤ እንዴት እንደቻለችው ለራሷም ገረማት።

የመጀመሪያው ዘፈን አማረ። ድምፁ ዳሱን ሞላ፤ ወጣቶቹ ትከሻቸውን ሲያራግፉ አቧራው ተነሣ። ሁለተኛው ላይ ጊታሯ ሻከረች። ከዚያ እንደ ታረደች ፍየል አጓራች። ከዚያ ዝም።

ከወደ ሙሽራዋ ዘመዶች አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ክንፈሚካኤል ነው፤ የሙሽራዋ አጎት፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ላለው ሰርግ ሁሉ ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው።

"እት ሁስና! ካውያውን ተይውና ወጡን አማስይ! እሱ እንኳ ቢያር ሽታው ቀድሞ ይነግርሻል!"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሁስና ተነሥታ ወደ ማጉያዋ ሄደች፤ ቀፎውን ከፈተች። ብየዳው ደህና ነው፣ አይሲው አልጋለም። ካጠገቧ ከተቀመጠ ሽማግሌ የእጅ ባትሪ ተቀብላ አምፖሉን ፈታች፤ ከድንጋዮቹ ሁለቱን አገናኝታ አምፖሉን አስነካችው። አምፖሉ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ፣ ወዲያው ጠፋ። ሌሎቹም እንደዚያው። በዚያች ቅጽበት ገባት። ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ሥራ ካልሰጡት ጤነኛ ይመስላል፤ ቴስተሩ የሚያየው ያረፈውን ድንጋይ ነው። ሸክም ሲያነሣ ግን ጉልበቱ የአንድ ዘፈን ብቻ ነው።

"ምን ነካት፣ ልጄ?" አሉ ጋሽ ዳኘው። ጠጅ የሞላ ብርሌ ይዘዋል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ የልጃቸው ሰርግ ነው።

ሁስና እጇ ላይ ያለውን ድንጋይ አየች፣ ሰውዬውን አየች። ባለ ሰርግ በገዛ ዳሱ አይዋረድም።

"አንድ ነገር ረስቼ ነው፣ ጋሼ፤" አለች።

ከበሮው ተነሣ፤ ሰርጉም ያለ ጊታር እስኪነጋ ቀጠለ።

ወሬው ከእሷ በፊት ቡሬ ገብቶ ጠበቃት። ክንፈሚካኤል መናኸሪያው ላይ የፍየሏን ድምፅ እየቀዳ ሰው ያስቃል። ደንበኞች ራዲዮ ይዘው ሲመጡ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ያንሾካሽኩ ጀመር፦ "ጋሼ፣ ይሄንን እርስዎ ራስዎ ይዩልኝ። ልጂቱ እንዳትነካው።" ከእነዚያ ውስጥ ራዲዮው በሁስና እጅ አራቴ የዳነለት ሰው ነበረበት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙሄዲን መጋረጃውን ገልጠው ገቡና ሙያ ሲያስተምሯት እንደነበረው ከጎኗ ተቀመጡ።

"ስሚኝ፣ ልጄ። ነገ ሰው ሲሰበሰብ፣ ያቺን ማጉያ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አበላሸሁት እላለሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ይስቁና ይተዉታል። አንቺ ግን ገና ነሽ። ያንቺ ስም ከሚጎድፍ የኔ ይጉደፍ።"

ሁስና ካውያውን አስቀመጠች። አባቷ ከልባቸው እንደሆነ ታውቃለች።

"አይሆንም፣ አባዬ።"

"ለምን?"

"ጥፋቱን ከወሰዱት ሥራውንም ይወስዱታል። ሥራውን ደግሞ አልሰጥም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰጥቻለሁ።"

ጋሽ ሙሄዲን ያስቀመጠችውን ካውያ ወደ እሷ ገፉት። "ድንጋዩ ነበር አይደል?" አሉ።

"ድንጋዩ ነው። ግን ደህና ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"እሑድ መልስ አለ። እሄዳለሁ።"

መልሱ የሙሽራዋ እናት ተናኜ ቤት ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ መኪና የሚደርስበት ግቢ። ይታገሱ ሁስና ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ። "እት ሁስና፣ ክንፌ ሞንታርቦውን ለእኅቱ ቤት በነፃ ያመጣል። ማን ይሰማናል? ደግሞስ የተጠራን በጊታር አይደለም፣ በእንግድነት ነው።"

"አንተ ጊታርህን ያዝ። የቀረውን እኔ እለምናለሁ። ድንጋዩንም እኔ አመጣለሁ።"

ቅዳሜ ዕለት ስድስት አዲስ ድንጋይ ገዛች። ባለሱቁ ፊት እያንዳንዱን ጥንድ በአምፖል ሞከረች፤ ባለሱቁ "ምነው፣ ሰርቄ አላመጣሁት!" እያለ አጉረመረመ። አምፖሉ ሳይርገበገብ እስከ መቶ ቆጠረች።

እሑድ የሞንታርቦው ጩኸት ከመንገዱ ጀምሮ ተቀበላቸው። ጄኔሬተሩ ጓሮ ያጓራል፤ ከግራው ሣጥን በዘፈኑ ሥር እንደ ንብ ቀፎ እምም የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ግን የልብ ምት ያህል ስለለመዱት ማንም አይሰማውም። ሁስና ሰማችው። በቀጥታ ወደ ተናኜ ሄደች።

"እትዬ ተናኜ፣ አንድ ዘፈን ብቻ ይስጡኝ። ከዚያ ዝም ካለች ሣጥኗን ምድጃዎ ውስጥ ይጨምሩት።"

ተናኜ ሴትየዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እሷም ጆሮዋ ደንቁሮ ነው የዋለው። "ክንፌ! አጥፋው እስቲ። አንድ ዘፈን።"

ክንፈሚካኤል እየሳቀ አጠፋው። "ኑ፣ ፍየሏ መጣች!" አለ። "ዛሬስ ስንት ደቂቃ ነው?"

ሁስና ቀፎውን ገና ስትከፍት ጋሽ ዳኘው ከወንድ ወገን ተነሥተው መጡ። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። "እንዳትቸገሪ ብዬ፣ ልጄ፤" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያኔ ሁለት ቀን አንሷቸው ይሆናል። አሁን አምስት ቀን አስጥቻቸዋለሁ።"

የሞቀውን ጨርቅ ተቀበለች። ምን እንደምትል ስታስብ ክንፈሚካኤል ከኋላ ገባበት።

"ደግሞ ድንጋዩን ልታመካኚ ነው? እጅ ነው እንጂ ድንጋይማ ድንጋይ ነው!"

"ድንጋይ ድንጋይ አይደለም፤" አለች ሁስና ዞር ብላ። "ና፣ አንተው ለካ።" ቴስተሯን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አንድ ከጨርቁ፣ አንድ ከራሷ ሰጠችው። ክንፈሚካኤል ሽማግሌዎቹ ፊት እምቢ ማለት አልቻለም፤ ለካ። "አንድ ናቸው፤" አለ። "እኩል!" ብሎ ለሰዉ ጮኸ።

"አሁን ሥራ እንስጣቸው።" ሁስና ከጨርቁ ሁለቱን አገናኝታ አምፖል አስነካች። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። የራሷን ሁለት አስነካች። አምፖሉ በራ፤ በራ፤ ያየ ሁሉ እስኪሰለቸው በራ።

ጋሽ ዳኘው ጨርቁን ከእጇ መልሰው ወሰዱ። "እንዴ! ታዲያ ልጂቱን ያዋረድኳት እኔ ነኛ!"

"አይደሉም፣ ጋሼ፤" አለች ሁስና፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እርስዎ አገር የሚያደርገውን አደረጉ። በመለኪያ ብቻ አምኜ ደህና ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ጥፋት የእኔ ነው፣ ማንም አይውሰድብኝ። ይቺ ሣጥንም የእኔ ናት፣ እሷንም ማንም አይውሰድብኝ። መምህር፣ ምታ።"

ይታገሱ መታ። ድምፁ እንደ ሞንታርቦው ደረት አይመታም፤ ከግቢው አጥርም አያልፍም። ግን የጣቱ መንሸራተት ሳይቀር ይሰማል፣ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ሳይጮኹ መነጋገር ቻሉ። አንዱ ዘፈን አለቀ። ተናኜ ወንድሟ ወደ ጄኔሬተሩ ሲራመድ አየችና "ተወው፤ ትንሽ ጆሯችን ይረፍ" አለችው። አራት ዘፈን ተጫወተ፣ አምስተኛውም ላይ ሙሽራዋ ተነሥታ ጨፈረች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሁስና ሣጥኗን ስትጠቀልል ክንፈሚካኤል እጁን ኪሱ ከትቶ አጠገቧ ቆመ።

"ያ የግራው ሣጥን ዓመት ሙሉ እምም ይልብኛል፤" አለ ወደ ሌላ እያየ። "አባትሽ እንዲያዩልኝ አመጣዋለሁ።"

"ሰምቼዋለሁ። የምድር ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል። አባቴ ግን አይሠሩም፤ እኔ ነኝ የምሠራ።"

"ያው በእሳቸው እጅ ቢሆን…"

"ለእኔ የምታመጣው ከሆነ ማክሰኞ አምጣው። ለአባቴ ከሆነ አታምጣው።"

ክንፈሚካኤል "እናያለን" ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ አላመጣውም። በቀጣዩም ማክሰኞ አላመጣውም። ከደንበኞቹ ውስጥ ሦስት አራቱ ራዲዮአቸውን ወደ ፍኖተ ሰላም መውሰድ እንደጀመሩ ሁስና ሰምታለች፤ ጋሽ ሙሄዲን ሲነግሯት "መንገዱ ሰላም ያድርግላቸው" ብላ ሥራዋን ቀጠለች። የመጡት ግን ሽማግሌውን በሰላምታ አልፈው ከእሷ ጋር ይነጋገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቆጧታልም፤ አንዷ ከሽንዲ የመጣች ሴት "ባለፈው የሠራሽልኝ ደግሞ ተበላሽቷል፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!" ብላ ስትጮህባት ሁስና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

የክንፈሚካኤል ሞንታርቦ ግን እስከ ዛሬ በየሰርጉ ከዘፈኑ ሥር እምም ይላል። ከዚያ መልስ ወዲህ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።